ሽለላ በሳክስፎን፦ የጌታቸው መኩሪያ የሙዚቃ ሕይወት

ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ በተጻፈና በተነገረ ቁጥር ቀድሞ የሚነሣው የድምፃውያን ስም ነው። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ዓለማየሁ እሸቴ፣ ሒሩት በቀለ እየተባለ ይዘረዘራል። ዝርዝሩ ተገቢ ነው፤ ጎደሎነቱ ግን ከማንም የተሰወረ አይደለም። ከድምፃዊው በስተኋላ በረድፍ ተቀምጠው ዜማውን በትንፋሻቸው የተሸከሙት ሰዎች፣ ትሮምቦን ነፊው፣ ትረምፔት ነፊው፣ ሳክስፎን ነፊው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሸክላው ክብ ወረቀት ላይ ስማቸው ሳይሰፍር ዕድሜያቸውን ፈጽመዋል። ሕዝቡ ዜማቸውን በቃሉ ያፏጫል፤ ማን እንደ ነፋው ግን ቢጠየቅ አይመልስም። «በኦርኬስትራ የታጀበ» የምትለው አጭር ሐረግ የብዙ ሰዎችን የሥራ ዘመን ሸፍና ቀርታለች።

ከዚህ መዝገብ አልባ ሠራዊት መካከል ስሙን ያለ ድምፃዊ እገዛ ለማስከበር ከቻሉት ጥቂቶች አንዱ ቴነር ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ነው። ጌታቸው ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ሠርቷል፤ በስቱዲዮም በመድረክም አጃቢ ሆኖ ኖሯል። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ከባልደረቦቹ ታሪክ ባልተለየ ነበር። የለየው አንድ ሥራ ነው። በሰሜን ሸዋ ተራሮች ተዋጊው በጉሮሮው የሚያወጣውን ሽለላ ወስዶ በባዕድ የነሐስ መሣሪያ ውስጥ አኖረው። ያንን ያደረገበት መንገድ ዘመናዊ ተብሎ የሚጠራው ሙዚቃችን ከየት እንደ በቀለ ለሚነሣው የቆየ ክርክር ከብዙ ጽሑፍ የበለጠ ማስረጃ ይሰጣል።

ጌታቸው የተወለደው መጋቢት 5 ቀን 1927 ዓ.ም. በይፋት ነው። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የሀገር ፍቅር ማኅበር አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። የልጅነቱ ዘመን እንግዲህ የወረራና የአርበኝነት ዘመን ነው።

አገሩን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በማማ ምድር፣ በላሎ ምድርና በጌራ ምድር ተከፍሎ የሚጠራው መንዝ ከግሼ ጋር ሆኖ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትርን የሚያልፍ ብርዳም ደጋ ነው። ገብስ ይበቅልበታል፤ የበጉ ጠጉር ተፈትሎ በርኖስ ይሆንበታል። ወደ ምዕራብ ጃማና ወንጪት ያጠሩት መርሐ ቤቴ በገደልና በሸለቆ ተከቦ ይገኛል። ወደ ምሥራቅ ደግሞ ደጋው በድንገት ተቆርጦ ሲወድቅ ከሥሩ የሚዘረጋው ይፋት ነው። ከጣርማ በር አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ከላይ የመንዝን ጉም፣ ከታች የይፋትን ሙቀት ባንድ ቦታ ያገኛል። የመንዙ ሰው እህልና በርኖሱን ይዞ ወደ ቆላው ገበያ ይወርዳል፤ የይፋቱ ሰው በፊናው ወደ ደጋው ይወጣል፤ ዘመድነቱና ጋብቻው፣ ግጥሙና ዜማውም እንደዚሁ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ነው። በአስተዳደር ረገድ መንዝና ግሼ፣ መርሐ ቤቴ፣ ይፋትና ጥሙጋ እየተባሉ በየአውራጃው ቢለያዩም የፉከራ ቋንቋቸው አንድ ነው።

ሽለላ፣ ፉከራና ቀረርቶ በአነጋገር እየተቀላቀሉ ቢጠሩም ለጆሮ የተለያዩ ናቸው። ፉከራ ከዜማ ይልቅ ንግግር ነው፤ ፎካሪው ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ ዱላውን ወይም ጠመንጃውን እየነቀነቀ፣ የአባቱንና የአያቱን ስም፣ የፈረሱን ስምና የዋለበትን ጦርነት በጥድፊያ ያዘንበዋል። ሽለላና ቀረርቶ ግን ይዜማሉ። ድምፁ ከላይ ይጀምራል፤ አንዱ ድምፅ ተይዞ እስከ ትንፋሽ ማለቂያ ይጎተታል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያም በደረጃ ሳይሆን በመንሸራተት ይወርዳል። ለጭብጨባ የሚመች ወጥ ምት የለውም። የሚለካው በሸላዩ ደረት ስፋት ነው። ከሸለቆ ወዲያ ማዶ ለቆመ ሰው የሚላክ ድምፅ እንደመሆኑ መጠን ረዥምና ሹል መሆኑ አያስደንቅም፤ የአገሩ አቀማመጥ ራሱ ያስተማረው ይመስላል። መሰንቆ ካለ አዝማሪው ከሥር ሆኖ ያንኑ ድምፅ በገመዱ ይከተለዋል፤ ሴቶች በእልልታ ይቀበሉታል።

ሽለላን የመሳፍንትና የመኳንንት ዕቃ አድርጎ ማየት በአንድ ወቅት የተለመደ አስተያየት ነበር። አስተያየቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ግዳይ ጥሎ የፎከረ ሰው ሹመትና ርስት ይጠብቅ ነበርና፤ በአዳራሹ ሥር ቆሞ የጌታውን ጀግንነት እየቆጠረ እጀ ጠባብ የሚሸለም አዝማሪም ጥቂት አልነበረም። ይሁን እንጂ ገበሬውም በደቦ አጨዳ ላይ ሸልሏል፤ የተበደለውም ሸፍቶ ጫካ ሲገባ ሸልሏል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች የሸዋ አርበኞች በመንዝ፣ በመርሐ ቤቴና በአካባቢው ተራሮች ጠላትን ሲታገሉ፣ ስንቅ ያቀበለውና ልጁን የገበረው ሰፊ ሕዝብ የራሱን ብሶትና ቁጭት ያሰማው በዚሁ ዜማ ነው። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በወረረ ጊዜ ደግሞ ስለ ፊውዳል ባህል ቅሬት ሲናገሩ የነበሩት ሰዎች ሳይቀሩ ሕዝቡን ለክተት ለመጥራት ሽለላና ፉከራን ወደ ኪነት መድረኮች አወጡት። ዜማው ያው ነበር፤ የተለወጠው ጠሪው ነው።

እንግዲህ ጌታቸው ነጻነት ሲመለስ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ነበር። በመጀመሪያ የተማረው ክራርና መሰንቆ ነው። ይህ ዝርዝር ትንሽ ቢመስልም ለኋላው ሥራ ቁልፍ ነው። በመሰንቆ የተጀመረ እጅ የድምፅን መንሸራተት ያውቃል፤ አንዲቱ የጭራ ገመድ ቋሚ ደረጃ የላትምና። በፒያኖ ወይም በኖታ ወረቀት ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ ያ የኋላው ሳክስፎን በዚያ መልክ ይጮኽ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ያስኬዳል።

ወደ ክላርኔትና ወደ ሳክስፎን የተሸጋገረበት ቤት ከእሱ ልደት ብዙ ዓመታት ቀድሞ መሠራት ጀምሯል። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለአፄ ምኒልክ አርባ ያህል የነሐስ መሣሪያዎችን ከአስተማሪ ጋር እንደ ላኩ ይታወሳል። በ1916 ዓ.ም. ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌም ላይ ያዩዋቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አመጡ። አርባ ልጆች በሚል ስም የታወቀው ይህ ጓድ የቤተ መንግሥት የሙዚቃ ባንድ ሆነ፤ የዘውዱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱትም ኬቮርክ ናቸው። ከነጻነት በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት ባንዶች በተከታታይ ተቋቋሙ ወይም ተደራጁ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በማዘጋጃ ቤትና በኋላም በቲያትር ቤቱ ወጣቶችን ኖታ እያስተማሩ፣ የአገሩን ዜማ ለትላልቅ ባንዶች እንዲስማማ እያዘጋጁ ረዥም ዘመን ሠርተዋል።

እነዚህ ባንዶች መጀመሪያ የተቋቋሙት ለሰልፍ፣ ለአቀባበልና ለበዓል ነው። መሣሪያዎቹ የማርሽ መሣሪያዎች ነበሩ። በማርሹ ውስጥ ትረምፔት ዜማውን ይመራል፤ ትሮምቦንና ቱባ ከሥር ሆነው መሠረቱን ይጥላሉ፤ ሳክስፎኖቹ መካከሉን ይሞላሉ። ወታደራዊው ሰልፍ ወደ ምሽቱ ጭፈራ ሲሸጋገር፣ ወታደሩም ዩኒፎርሙን በጥቁር ሱፍና በቀስት ከረባት ሲለውጥ፣ የመሣሪያዎቹ ሥልጣን ተለዋወጠ፤ ሳክስፎን ወደ ፊት መጣ፣ ትሮምቦን ግን በአመዛኙ ከኋላ ቀረ። ይህ ጥቂት የሚያስቆጭ ነገር አለው። በተንሸራታች ክንዱ ድምፅን እንደ መሰንቆ የሚያንሸራትት የነሐስ መሣሪያ ቢኖር ትሮምቦን ነው፤ ለሽለላም ተፈጥሮው የተሰናዳ ነበር። ታሪክ ግን ዕድሉን ለቁልፋሙ ሳክስፎን ሰጠ፤ ምክንያቱም ያንን ሥራ ለመሥራት የተነሣው ሰው በእጁ የያዘው እሱን ነበር።

ጌታቸው በ1941 ዓ.ም. የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለ ቴነር ሳክስፎን ይዞ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ሥራ ጀመረ። በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የሃያ አምስተኛ ዓመት በዓል የተሠራው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር በራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተውኔት ሲመረቅ፣ ጌታቸውም በዚያው ዘመን ወደ ቤቱ ኦርኬስትራ ገባ። የኦስትሪያው ተወላጅ ፍራንዝ ዘልቬከር የመሩት ይህ ቤት የቲያትርና የሙዚቃ ትምህርት ቤት ጭምር ነበር። በተውኔቱ መካከል ባለው ዕረፍት፣ ከተውኔቱም በፊትና በኋላ ሙዚቃ ይቀርባል፤ ባለ መሰንቆውና ባለ ክራሩ ከኖታ አንባቢው ጋር ባንድ መጋረጃ ኋላ ተራውን ይጠብቃል። ሁለቱ ዓለማት ከመጋረጃው በፊት የተለያዩ፣ ከመጋረጃው በስተኋላ ግን ትከሻ ለትከሻ የተጋፉ ነበሩ።

ጌታቸው ሽለላን በሳክስፎን ማሰማት የጀመረው በእነዚህ ዓመታት፣ በ1940ዎቹ ውስጥ ነው። ሽለላን ያለ ቃል፣ በመሣሪያ ብቻ ለመቅረጽ ከቀደሙት ሙዚቀኞች አንዱ መሆኑም ይታወቃል። በመድረክ ላይ ሲጫወተው የተዋጊ ለምድ ለብሶ፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ይቀርብ ነበር። ይህንን እንደ ተራ ትርዒት የሚያይ ይኖራል። የቲያትር ሰው ግን ወዲያው የሚገባው ነገር አለ፤ ልብሱ ገጸ ባሕርይ ይሰጠዋል። በኦርኬስትራው ውስጥ የተቀመጠው ሠራተኛ ጌታቸው ተነሥቶ ሸላዩ ጌታቸው ሲሆን፣ ያ በእጁ ያለው የቤልጅግ ፈጠራ የሆነ የነሐስ ቧንቧ ዱላ ወይም ጠመንጃ ይሆናል። ቃል የለም። ያም ሆኖ አድማጩ ከቃሉ በፊት ዜማውን ያውቀዋልና «ዘራፍ» የሚለውን በልቡ ይሞላል።

ሥራው በቴክኒክ ረገድ ምን እንደ ጠየቀ መመልከት ይገባል። ሳክስፎን በቁልፎች የተከፋፈለ መሣሪያ ነው፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ለአንድ የተወሰነ ድምፅ ነው። ሸላዩ ጉሮሮ ግን በቁልፎቹ መካከል ይኖራል። ጌታቸው ይህን ክፍተት የሞላው በከንፈሩ ነው። የሸምበቆዋን ምላስ ጫናዋን እያጠበቀና እያላላ ድምፁን ከቦታው ያነሣዋል፣ ያጎነብሰዋል፤ ሰፊ መንቀጥቀጥ ይሰጠዋል፤ ከላይኛው ድምፅ ላይ ቆሞ ትንፋሹ እስኪቆረጥ ይገፋዋል፤ ከዚያ በጣቶቹ ጥድፊያ እንደ ፎካሪ ያዘንበዋል። ባንዱ ከሥር ሆኖ አንድ ሐረግ ይደጋግማል ወይም ዝም ብሎ ይጠብቃል። የሚመራው ትንፋሽ ነው እንጂ ከበሮ አይደለም። በኖታ ለተማረ ሰው ይህ ሁሉ ስሕተት ነው፤ በኮንሰርቫቶሪ ፈተና ላይ ቢቀርብ ጥሩ ውጤት ባላስገኘም ነበር። በመንዝ ወይም በይፋት ሠርግ ላይ ላደገ ጆሮ ግን ከዚህ የተለየ ቢሆን ነበር ስሕተቱ።

በዚህ ቦታ ላይ የውጭ አገር አድማጮች ያቀረቡት ንጽጽር መነሣት አለበት። በአሜሪካ ኦርኔት ኮልማን ፍሪ ጃዝ የሚለውን ሸክላ የቀረጸው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ነው፤ የክብር ዘበኛ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በከሸፈበት በዚያው ወር መሆኑ ነው። ከጌታቸው በአንድ ዓመት ያህል የሚያንሰው አልበርት አይለርም ሳክስፎኑን እያስጮኸ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። የጌታቸውን ሽለላ ዘግይተው የሰሙ አውሮፓውያንና አሜሪካውያን በድንጋጤ ወደ እነዚህ ሰዎች ይመልሱታል። የድምፁ መመሳሰል እውነት ነው። መንገዱ ግን ለየቅል ነው። የአሜሪካዎቹ ሙዚቀኞች ከተቀበሉት ሕግ ለመውጣት ታገሉ፤ ጌታቸው በበኩሉ አንድ ጥንታዊ ሕግ ለማክበር ነው የታገለው። እነሱ ልማድን ሲያፈርሱ እሱ ልማድን ወደ አዲስ ቤት አስገባ። ስለዚህ «የኢትዮጵያ ፍሪ ጃዝ» የሚለው ስያሜ ለሸክላ ሻጭ ይጠቅም ይሆናል እንጂ ለታሪክ ጸሐፊ አይበጅም።

ከታኅሣሡ ሙከራ በኋላ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሲናጋ፣ ከድምፃውያኑ ጥላሁን ገሠሠም እስር ሲቀምስ፣ የሌሎቹ ጓዶች ሚዛን ጨመረ። ጌታቸው በ1957 ዓ.ም. ገደማ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወረ። ዓለማየሁ እሸቴ የጀመረበት፣ ሒሩት በቀለም ረዥም ዘመን ያገለገለችበት ቤት ነው። ፖሊስ ኦርኬስትራ እንደ ሌሎቹ የመንግሥት ሙዚቃ ጓዶች ለከያኒው ደመወዝና ዩኒፎርም ሰጠ፤ መሣሪያው የመንግሥት፣ ልምምዱ በደወል፣ ጉዞው በትእዛዝ ነው። የአዝማሪን ልጅ ለማግባት የሚጠየፍ ኅብረተሰብ ባለበት አገር ሙዚቀኛው በመንግሥት መዝገብ ላይ ስሙ ሰፍሮ የሚያድር ሠራተኛ መሆኑ ቀላል ነገር አልነበረም። የዚያኑ ያህል ሥራው የእሱ አልሆነም። ያቀናበረውም የነፋውም የጓዱ ነው፤ ጓዱም የመንግሥት።

የሸክላው ገበያ ይህንኑ ሁኔታ በሌላ መልክ ደገመው። ሸክላ የማሳተምና የማስገባት መብት ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ወጣቱ ነጋዴ አምኃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ይህንን ክልከላ ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ፤ መጀመሪያ ሕንድ አገር፣ ኋላም ሊባኖስ እያስታተመ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከአንድ መቶ በላይ ትናንሽ ሸክላዎችን አወጣ። ፊሊፕስና ሌሎችም ገበያውን ተቀላቀሉ። ቀረጻው የሚካሄደው ድምፃዊና ባንድ ባንድ ክፍል ቆመው ባንድ ጊዜ ነው። አንዱ ቢሳሳት ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። የሸክላው አንድ ገጽ ከአራትና ከአምስት ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ በዚያች ጠባብ ጊዜ ውስጥ ሳክስፎን ነፊው መግቢያውን ያወጣል፣ በስንኝና በስንኝ መካከል ለድምፃዊው ይመልሳል፣ መሐል ላይ ለአንድ አፍታ ብቻውን ይጫወታል፤ ያበቃል። ደኅና አጃቢ ይህንን ቦታውን ያውቃል። ዝናው ለድምፃዊው፣ ትርፉ ለአሳታሚው ነው፤ አጃቢው የዕለቱን ተቀብሎ ይወጣል።

ጌታቸው ከዚህ ልማድ የወጣበት ሸክላ በ1972 እ.ኤ.አ. በፊሊፕስ ታተመ። ድምፃዊ የሌለበት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቴነር ሳክስፎን የሚመራው ሙሉ አልበም ነው። «አንቺ ሆዬ»ና «አካለ ውቤ»ን የመሰሉ የሕዝብ ዜማዎች፣ ሽለላም ጭምር ገብተውበታል። በትላልቅ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ሲሠራ ከሃያ ዓመት በላይ ለቆየ ሰው ይህ የመጀመሪያው ትልቅ የስም ማስመለሻ ነበር። በአልበሙ ላይ የተሰጠው ማዕረግ የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ የሚል ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ እውነተኛው ንጉሠ ነገሥት ከዙፋናቸው ወረዱ፤ የሳክስፎኑ ንጉሥ ግን ማዕረጉን እስከ ዕለተ ሞቱ ይዞ ቆየ።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ዘመን ለዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ ሁለት ፊት ነበረው። በአንድ በኩል የኪነት ጓዶች በየክፍለ ሀገሩ፣ በየአውራጃው፣ በየቀበሌው ተቋቋሙ፤ በመንዝና ግሼም በመርሐ ቤቴም የገበሬው ልጅ የአባቱን ሽለላ በመድረክ ላይ አቀረበ። የብሔረሰቦች ዜማና ውዝዋዜ ክብር እንዲያገኝ የተሠራው ሥራ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በሌላ በኩል የሰዓት እላፊው ዐዋጅ ለአሥራ ስድስት ዓመታት ያህል የአዲስ አበባን ምሽት ዘጋው። የምሽት ክበብ ሙዚቀኛ በሌሊት የሚሠራ ሠራተኛ ነው፤ ሌሊት ከሌለ ሥራ የለም። አምኃ እሸቴ አገር ለቆ ወጣ፤ የሸክላ ኅትመት በ1970 ዓ.ም. ገደማ አከተመ፤ ካሴት ተተካ። ካሴቱ ርካሽ ነበር፤ ብዙ ሰው ዘንድ ደረሰ። ነገር ግን ከእሱ ጋር የኤሌክትሮኒክ ኦርጋን መጣና አሥር ነፊዎች ይሠሩት የነበረውን አንድ ሰው በጣቶቹ ይሠራው ጀመር። ትሮምቦኖችና ሳክስፎኖች በየጓዱ መጋዘን ውስጥ አቧራ መጠጣት የጀመሩት በትእዛዝ ብቻ አይደለም፤ በሒሳብም ነው። ዕዳውን በሙሉ ለአንድ ሥርዓት ማሸከም ከእውነቱ ያርቃል።

ከዚህ በኋላ የጌታቸው ስም ከአገር ውጭ የተሰማው በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ጥረት ነው። ኢትዮፒክስ በሚል ስም በፈረንሳይ ይታተም የነበረው ተከታታይ የ1960ዎቹን ሸክላዎች እያነሣ ሲያሳትም አሥራ አራተኛውን ቁጥር በ2003 እ.ኤ.አ. ለጌታቸው መኩሪያ ሰጠ። በቀጣዩ ዓመት ጥር ወር የአሜሪካው ኢዘር ኦርኬስትራ አዲስ አበባ መጥቶ ሲጫወት ጌታቸው በእንግድነት አብሮ ነፋ፤ ያም ቀረጻ በተከታታዩ ሃያኛ ቁጥር ላይ ወጣ።

ከሁሉ ያልተጠበቀው ግን ከሆላንድ መጣ። ዘ ኤክስ የሚባለው ባንድ በ1979 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም አካባቢ የተመሠረተ፣ በፓንክ ሙዚቃና በተቃውሞ ግጥሙ የታወቀ ጓድ ነው። አባላቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ዞረው ተጫውተዋል። በኅዳር 1997 ዓ.ም. የሃያ አምስተኛ ዓመት በዓላቸውን ሲያከብሩ ጌታቸውን ወደ አምስተርዳም ጋበዙት። እዚያ አይቷቸውና ሰምቷቸው ያጅቡኝ ብሎ የጠየቀው እሱ ራሱ ነው። ሰባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው፣ የቀስት ከረባት ዘመን ሰው፣ ጊታራቸውን እንደ መጋዝ የሚያስጮኹ ወጣቶችንና ጎልማሶችን ለምን መረጠ? መልሱ ከሽለላው ውስጥ ነው። በአዲስ አበባ ሆቴሎች ለስላሳ ጃዝ ያጀበው ነበር፤ ለስላሳ ጃዝ ግን ፎካሪን አይሸከምም። ፎካሪ ከኋላው የሚንጫጫ፣ የሚያጨበጭብ፣ የሚያበረታ ሕዝብ ይፈልጋል። የሆላንዶቹ ጩኸት ያንን ሕዝብ ተካለት።

በ2006 እ.ኤ.አ. «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘው አልበም በጋራ ወጣ። ከሁለቱ ጊታሮች፣ ከባሱና ከከበሮው ሌላ ክላርኔት፣ አልቶ ሳክስፎንና ትሮምቦን ተጨምረውበታል። ትሮምቦኑን የነፋው የሆላንዱ የጃዝ ሰው ዮስት ቡይስ ነው። እዚህ ላይ ቀደም ሲል የተነሣው የትሮምቦን ቁጭት መልስ ያገኛል። ጌታቸው ከላይ ሆኖ ሽለላውን ሲያወርድ ትሮምቦኑ ከሥር እየተንሸራተተ ይከተለዋል። መሰንቆ ለሸላዩ ያደርገው የነበረውን አንድ ሆላንዳዊ በነሐስ ክንድ አደረገው። ኖታ ጽፎ ያስጠናው ሰው ከሌለ፣ በጆሮው ብቻ እዚያ ደርሶ ከሆነ፣ ያ ዜማ ራሱ ምን እንደሚጠይቅ የሚናገር ዜማ ነው ማለት ነው። ጓዱ ከጌታቸው ጋር በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ተዘዋውሯል፤ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር አደባባይ ተጫውቷል። በፓሪስም ወጣት ፈረንሳውያን ሙዚቀኞች ያቋቋሙት ባንድ ከጌታቸው ዜማ ወስዶ አካለ ውቤ ተብሎ ተሰይሟል።

ይህ ሁሉ ክብር ሲመጣ ሰውየው የጡረታ ዕድሜውን አልፎ ነበር። ስለ መብት የሚነሣው ጥያቄ የሚመረው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የደራሲውንና የዜማ ደራሲውን ሥራ ሲጠብቅ ለተጫዋቹ የተለየ መብት አላቆመለትም ነበር። ከያኒው በነፋው ነገር ላይ መብት እንዲኖረው የደነገገው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። ጌታቸው ሥራ ከጀመረ ሃምሳ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ከእሱ ጋር በአንድ ረድፍ ተቀምጠው የነፉት አብዛኞቹ ያንን ዐዋጅ ለማየት አልደረሱም። ከደረሱትም ውስጥ በየትኛው ሸክላ ላይ የማን ትንፋሽ እንዳለ በማስረጃ የሚያሳይ መዝገብ ያለው ጥቂት ነው። የሙዚቃ ትምህርት ቤቶችና የባህል ተቋማት ይህንን መዝገብ ለማሰናዳት ዛሬም ጊዜው አልመሸም፤ በየቤቱ ያሉ ሸክላዎች፣ ፎቶግራፎችና የጓድ የአባልነት ወረቀቶች ገና ሙሉ በሙሉ አልጠፉም።

ጌታቸው የመጨረሻውን አልበሙን ከዚያው ከሆላንዱ ጓድ ጋር አሳተመ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው «የአንበሳው ትዝታ» የሚል ስም አለው። ለመጨረሻ ጊዜ የሚያወጣውን ሥራ ከአዲስ አበባ የጃዝ ስቱዲዮ ይልቅ ከእነዚህ ሰዎች ጋር መፈጸሙ የራሱ ምርጫ ነበር። መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በ81 ዓመቱ አረፈ።